ቦረናን ከጎጃም ያገናኘው መንገድ

ከደሴ ተነሥቶ በአቀስታ በኩል የወሎ ቦረና ከተማ መካነ ሰላም የሚደርሰውን፣ ዓባይንም ተሻግሮ ወደ ጎጃሟ ጉንደወይን የሚዘልቀውን መንገድ ከልቤ አደንቃለሁ። መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከዚያ ደጋ እስከ ዓባይ በረሃ ገደሉን እየፈለጡ፣ በየጥምዝማዙ የድጋፍ ግንብ እያቆሙ መውረድ የጀግና ሥራ ነው።

በዚህ አገር መንገድን የሚገድለው ውሃ ነው። የክረምቱ ጎርፍ በቦይና በቱቦ ካልተመራ አስፋልቱን ከሥሩ ይሸረሽረዋል፤ ስለዚህ ከዓባዩ ድልድይ እኩል የማከብረው ያንን ማንም ልብ የማይለውን ቦይ ነው። ዓባይ ማዶ ለማዶ ያስቀራቸው ወሎና ጎጃም ዛሬ ዙሪያ ጥምጥም ሳይሄዱ ይገናኛሉ፤ ነጋዴውም፣ ተማሪውም፣ ታማሚውም።

የሠራችሁ ሁሉ እጃችሁ ይባረክ። በመንገዱ ዳር የምትኖሩ ወገኖቼ፣ ክረምት ሳይገባ ቦዩን ጥረጉ።