የቀድሞው የወባ መድኃኒት ለአስቤስቶስ ካንሰር፦ የኪናክሪን ጥናት ሲመዘን

ለአንድ በሽታ የተሠራን መድኃኒት ለሌላ በሽታ ማዋል በሕክምና የቆየ ልማድ ነው። በእ.ኤ.አ. 2020 በኒውዮርክ የሴንት ጆንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኪናክሪንን ለሜሶቴሊዮማ ለማዋል ያሳተሙት ጥናትም ከዚሁ ልማድ የመነጨ ነው። ሜሶቴሊዮማ በአብዛኛው በአስቤስቶስ ብናኝ ምክንያት የሳንባን ሽፋን የሚያጠቃ ካንሰር ሲሆን፣ ከብናኙ ጋር ከተገናኙ ከ20 እስከ 50 ዓመት በኋላ ሊገለጥ ይችላል።

ኪናክሪን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለወታደሮች በብዛት የታደለ የወባ መድኃኒት ነው፤ ቆዳን ቢጫ ማድረጉና አልፎ አልፎም አእምሮን ማወኩ ይታወቃል። ተመራማሪዎቹ መድኃኒቱ የካንሰሩን ህዋሳት እንደሚገድል፣ ህዋሳቱ የተበላሸ አካላቸውን ፈጭተው መልሰው የሚጠቀሙበትን ሥርዓትም እንደሚገታ አሳይተዋል። ህዋሳቱን በሳህን ላይ አንጥፈው ብቻ ሳይሆን እንደ ዕጢ አድቦልቡለው ጭምር መፈተናቸው ያስመሰግናል። ሥራው በቤተ ሙከራ ዕቃ ውስጥ የተከናወነ መሆኑንም ርዕሱ አይሸሽግም።

ድክመቱ ያለው «የታወቀ መድኃኒት ነው» በሚለው መከራከሪያ ላይ ነው። የታወቀው ለወባ በሚሰጥበት መጠን ነው፤ ሲስፕላቲን እየወሰደ ለደከመ የካንሰር ሕመምተኛ ይህ እውቀት ዋስትና አይሆንም። ኪናክሪን በጉበት ተከማችቶ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። በሳህን ላይ ህዋስን የገደለው መጠን ሰውን ሳይጎዳ ሳንባ ሽፋን መድረሱን እንዲህ ያለው ሙከራ ሊመልስ አይችልም። መድኃኒቱ ድሮ በሳንባ ሽፋኖች መካከል ይሰጥ የነበረውም ሽፋኖቹን አስቆጥቶ በማጣበቅ የካንሰሩን ውኃ ለማስቆም እንጂ ካንሰሩን ለመፈወስ አልነበረም። በዚያው በ2020 ሃይድሮክሲክሎሮኪን በቤተ ሙከራ በኮሮና ቫይረስ ላይ ተስፋ ካሳየ በኋላ፣ በብሪታኒያ በተካሄደው የሪከቨሪ ሙከራ የሆስፒታል ሕሙማንን ሞት አለመቀነሱ ታይቷል።

ጥናቱ ከአጅባር ደጋ ሆኖ ሲነበብ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይነሳል። በዚያ ደጋ ለሚሠራ ባለሙያ ወባ ወደ በሽሎ ቆላ ወርዶ የተመለሰ ሰው በሽታ ናት፤ ክሎሮኪንም ለቫይቫክስ ወባ የሚሰጥ እንጂ የኪናክሪን ምትክ አይደለም። ሳንባው ሽፋን ውስጥ ውኃ የተጠራቀመበት ሕመምተኛ ሲመጣ አስቀድሞ ነቀርሳ መጠርጠሩም ተገቢ ነው። ይሁንና የነቀርሳ መድኃኒቱን ጨርሶ ውኃው ተመልሶ ከሞላ፣ በወጣትነቱ ከአገሩ ርቆ በሕንፃ ሥራ፣ በፍሬን ጥገና ወይም በወደብ ውሎ እንደሆነ ሊጠየቅ ይገባል። የውኃው ምርመራ ብቻ ብዙ ጊዜ ስለማይበቃ፣ ከሽፋኑ ናሙና ወደሚወሰድበት ሆስፒታል መላክ ይኖርበታል።