የሳምንቱ አገር

ከኮለምበስ፣ ኦሃዮ

«አባዬ፣ ኢትዮጵያን ጨረስኳት።»

ይህን ያለችኝ የ11 ዓመት ልጄ ናት፤ በየካቲት አንድ ዓርብ ማታ፣ ደጁ በረዶ ሆኖ፣ ከሥራ ስገባ። ኢትዮጵያን የጀመረቻት ሰኞ ዕለት ነበር። ባንዲራዋን ቀለም ቀብታለች። ዋና ከተማዋን፣ የሕዝቧን ቁጥርና የገንዘቧን ስም በየሳጥኑ ሞልታለች። ከእናቷ ጋር ሽሮ ሠርታ ፎቶ አንስታለች። በካርቶን በሠራችው ፓስፖርት ላይም ማኅተሟን መትታለች። (አባቷ ለእንዲህ ያለ ማኅተም ስንት ዓመት ኤምባሲ ደጅ እንደጠና ለጊዜው ይቆየን።) «የአገሪቱ ዋና ችግር» በሚለው ሳጥን ውስጥ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ «ድርቅ» ተብሎ ሰፍሯል። በእንግሊዝኛው ፊደል ተራ ከኢትዮጵያ ቀጥሎ ያለችው ፊጂ ናትና፣ ሰኞ ፊጂ ልትገባ ነው።

ልጆቻችንን ቤት ማስተማር ከጀመርን ሦስተኛ ዓመታችን ነው። በኦሃዮ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2023 ወዲህ ወላጅ የሚጠበቅበት ለወረዳው የትምህርት ኃላፊ በጽሑፍ ማሳወቅ ነው፤ የ900 ሰዓት ግዴታውና ዓመታዊው ምዘና ቀርቷል። ጂኦግራፊ በቀድሞው ደንብ በስሙ ተጠርቶ ነበር፤ በአዲሱ ሕግ የትምህርት ዝርዝር ውስጥ ግን ታሪክ፣ መንግሥትና ኅብረተሰብ ትምህርት አሉ እንጂ ጂኦግራፊ የሚል ቃል የለም። ልጁ ዓለምን ምን ብሎ ይወቃት የሚለው ለእናትና ለአባት ተትቷል ማለት ነው። ቤት የሚያስተምሩ ብዙ ቤተሰቦች ደግሞ «የአገር ጥናት» በሚባለው መንገድ ይሄዳሉ፤ በሳምንት አንድ አገር፣ አንድ ቅጽ፣ አንድ ምግብ፣ አንድ ማኅተም። ዘዴው ከንቱ ነው አልልም። እኛ የዓለምን ወንዞች በቃላችን ሸምድደን ነው ያደግነው፤ ይቺ ልጅ ቢያንስ በእጇ ትሠራለች።

ያን ማታ ግን ተናደድኩ። ተቀምጬ ለኢትዮጵያ የራሴን ቅጽ አዘጋጀሁ፦ አክሱም፣ ላሊበላ፣ ዐድዋ፣ ሉሲ፣ አሥራ ሦስት ወር ፀሐይ፣ ሦስት ሺህ ዘመን፣ ያልተገዛች አገር። ባለቤቴ አነበበችውና «ያንተም ያው ቅጽ ነው፤ ቀለሙ ነው የደመቀው» ብላ ወደ ማጀቷ ገባች። ውድ አንባቢያን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በየማኅበራችን አዳራሽ ለልጆቻችን የምናድለው ትምህርት ከዚህ ምን ያህል ይለያል? የፈረንጁ ቅጽ ልጄን «የሚያሳዝን አገር» አስተማራት፤ የእኔው «የሚያኮራ አገር» ሊያስተምራት ነበር። ስለ አገሩ እንድትጠይቅ ያደረጋት ከሁለቱ አንዱም የለም።

የአገር ጥናት መነሻው ጥያቄ ነው፤ ጠያቂው ማን ነው የሚለው ደግሞ መልሱን ይወስነዋል። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ያዘጋጀውንና ጥናቱ በ1991 የተጠናቀቀውን የኢትዮጵያ «ካንትሪ ስተዲ» ብዙዎቻችን እናውቀዋለን፤ እኔም ገና እዚህ እንደመጣሁ አገሬን በእንግሊዝኛ ያነበብኩት ከእሱ ነው። በታሪክ ይጀምራል፣ ኅብረተሰብን፣ ኢኮኖሚንና ፖለቲካን አልፎ በብሔራዊ ደኅንነት ይደመድማል። ለሁሉም አገር ቅርጹ ይኸው ነው፤ የተከታታዩ ስፖንሰር የአሜሪካ ምድር ጦር መሥሪያ ቤት ስለነበረ አያስደንቅም። ጥሩ መጽሐፍ ነው። ጥያቄው ግን ወደዚያ አገር ሊላክ የሚችል የመኮንን ጥያቄ ነው።

እኛስ የሌላ አገር ጥናት ጽፈን አናውቅም? ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሉ ጃፓን ደርሰው ተመለሱና በ1924 ዓ.ም. «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን»ን አሳተሙ። ከበደ ሚካኤል ደግሞ በ1946 ዓ.ም. «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች»ን ጻፉ። ርእሱ ራሱ ጥያቄ መሆኑን ልብ ይበሉ። ሁለቱም አገሯን ያጠኗት በራሳቸው አገር ጭንቀት ነው። አደጋም ነበረው፤ ማየት የምንፈልገውን ጃፓን አይተን፣ በ1928 ዓ.ም. ጣልያን ሲወጋን የተመኘናት ጃፓን አልደረሰችልንም። ቢሆንም ባለጥያቄ አንባቢ ሲሳሳት ስሕተቱን ያገኘዋል፤ ሳጥን የሚሞላ ልጅ ግን ሳጥኑ ከሞላ ምን ይጎድለዋል?

ለእኔ ትልቁ ጉድለት ሌላ ነው። ቅጹ ወንዝን ድንበር ላይ ይቆርጠዋል። ልጄ ቀደም ብላ ግብፅን «ጨርሳለች»፤ የግብፅ ቅጽ ላይ «የናይል ስጦታ» ተብሏል፣ ውኃው ከየት እንደሚመጣ የሚጠይቅ ሳጥን ግን የለም። አስዋን ከሚደርሰው ውኃ 85 በመቶ ያህሉ ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርድ መሆኑን፣ በ2025 ሴፕቴምበር ጉባ ላይ የተመረቀው ግድብ ለምን ካይሮን እንዳስጨነቀ፣ ከሁለቱ ቅጾች አንዱም አያስረዳትም።

ሶማሊያስ? ኮለምበስ ከሚኒሶታ ቀጥሎ በአሜሪካ ብዙ ሶማሌ የሚኖርባት ከተማ ናት፤ ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ የእኛና የእነሱ ሱቆች ጎን ለጎን ናቸው። በልጄ መማሪያ ግን በኢትዮጵያና በሶማሊያ መካከል ከመቶ በላይ አገሮች አሉ። እኔም ብሆን ባሌ ተወልጄ በ1969ና 70 ዓ.ም. ጦርነት ወሬ ያደግሁ ነኝና፣ በልቤ የያዝኩት የሶማሊያ ጥናት አንድ ምዕራፍ ብቻ ነበረው፤ ያም «ብሔራዊ ደኅንነት»። ይህንን ለማመን ጊዜ ወስዶብኛል።

ስለዚህ የፊደሉን ተራ ሰበርን። ካርታ ወለል ላይ ዘረጋንና በልጅነቴ የተራጨሁበትን ወይብን በሰማያዊ ክር ተከተልነው፤ ሶፍ ዑመርን ሰንጥቆ፣ ወደ ዶሎ ወርዶ፣ ከገናሌና ከዳዋ ጋር ጁባ ሆኖ፣ ኪስማዮ አጠገብ ባሕር ሲገባ። ዋቤ ሸበሌን ደግሞ በቀይ ክር እስከ በለድወይኔ አወረድነው፤ በሜይ 2023 በእኛ ደጋ የጣለው ዝናብ ያን ከተማ አጥለቅልቆ ከሁለት መቶ ሺህ በላይ ሰው ከቤቱ አስወጥቷል። «ድርቅ» ብላ የጻፈችው ልጄ እዚህ ላይ ዝም አለች። በማግስቱ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም፣ የጂኦግራፊ ሰው፣ ድርቅና ረሃብ አንድ እንዳልሆኑ፣ ረሃብ ከገበሬው አኗኗርና አቅም ማጣት እንደሚመጣ በመጽሐፍ መከራከራቸውን በቀላል ቃል ነገርኳት።

ቅዳሜ የሰፈሩ ልጆች «ኤዶ» የሚሏቸው የኪስማዮ ጎረቤታችን ሻይ ሊጠጡ መጡና ክሩን አዩት። ጎንበስ ብለው በጣታቸው ተከተሉት።

«ውኃው ቀይ ሆኖ ሲመጣ» አሉ፣ «እናቴ ‘ሐበሻ አገር ዘነበ’ ትል ነበር። እኛ ልጆቹ ሐበሻ አገር የሚባለው ደመና ይመስለን ነበር።»

ልጄ ወዲያው ደብተሯን አመጣች። ስንት ሰዓት እንደተቀመጡ አላውቅም፤ እኔ ሥራ ገባሁ። ጠዋት ስመለስ ክሩ እንደተዘረጋ ነው፣ በካርታው ላይ በልጅ እጅ የተጻፉ አምስት የሶማሌኛ ቃላት ተጨምረዋል፤ «ዋና ችግር» የሚለው ሳጥን በላጲስ ጠፍቶ ባዶ ሆኗል። ፊጂ እስካሁን አልተነካችም።