ፕላዝማው አይጠብቅም ነበር

በኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ያለፈ አንድ ትውልድ አለ፤ «ፕላዝማ» ስትሉት ትዝ የሚለው የቴሌቪዥን ዓይነት ሳይሆን መምህር ነው። «ፕላዝማ ቲቸር» በእንግሊዝኛ ያስረዳል፣ ይጠይቃል፣ ለመልሱ ጥቂት ሰከንድ ይሰጣል፣ ከዚያ ራሱ መልሶ ይቀጥላል። ልጁ ገና ጥያቄውን ደብተሩ ላይ እየገለበጠ ነው። «ቲቸር፣ አልገባኝም፣ ይድገሙልኝ» ቢል የሚሰማው የለም። በአካል አጠገቡ የቆመው መምህርም ማስቆም አይችልም። ትምህርቱ በሳተላይት ነው የሚሰራጨው፤ በዚያች ደቂቃ ጎንደርም ጅማም ያው ነው የሚታየው።

ፕሮግራሙ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂና እንግሊዝኛን የመሳሰሉ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቶች በስክሪን ይሰጡ ጀመር፤ ቪዲዮዎቹ በአብዛኛው የተዘጋጁት ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ነበር። የክፍሉ መምህር ድርሻ መጀመሪያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ማስተዋወቅ፣ መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ማጠቃለል ሆነ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ላቦራቶሪ የሌለው ትምህርት ቤት ሙከራውን በምስል እንዲያይ፣ የገጠሩ ተማሪ ከከተማው እኩል እንዲማር ታስቦ ነው። ብዙ ጊዜ የሚነሳው ወቀሳ ስለ ቋንቋውና ስለ ፍጥነቱ ነው፤ ወቀሳው ልክ ነው። እኔ ግን ፕላዝማን እስቲ እንደ አንድ የፊልም ሥራ ልየው። እንደ ፊልም ሲታይ ትልቁ ጉድለቱ መቀሱ ሌላ ሰው እጅ መሆኑ ነው። የቱ ጋ እንደሚቆም፣ ምን እንደሚደገም፣ የትኛው ምሳሌ እንደሚቀር የወሰነው ሰው ተማሪውን አይቶት አያውቅም።

አሁን ሌላ ስክሪን መጥቷል፤ ኪሳችን ውስጥ። ካፕካት አለ፣ ካንቫ አለ፣ ክሊፕቻምፕ አለ፣ በብራውዘር የሚከፈቱ የድምፅና የፎቶ መቁረጫዎች አሉ፣ ፖድካስት የሚጫንባቸው ገጾች አሉ። «ክፍል ውስጥ እንጠቀምባቸው» የሚል ምክር ከየአቅጣጫው ይሰማል። ምክሩ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ግን ዋይፋይ ላለው፣ ለእያንዳንዱ ልጅ ላፕቶፕ ለደረሰው ክፍል ነው። ስለዚህ ጥያቄውን ወደ ሲሬ ልውሰደው። ሲሬ በአርሲ ዞን ከዶዶታ ጎን ያለች፣ ስንዴና ጤፍ የሚመረትባት ወረዳ ናት። እዚያ አንድ 9ኛ ክፍል አስቡ። አብዛኛው ልጅ እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ተምሮ፣ አማርኛን እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ይዞ፣ አሁን ድንገት ሁሉም ነገር እንግሊዝኛ ሆኖበታል። እነዚህ መሣሪያዎች እዚህ ክፍል ቢገቡ መቀሱን ለተማሪው ያስረክባሉ? ወይስ አዲስ ፕላዝማ ይሆናሉ?

አርሲን ማን ቆረጠው?

አርሲ ከካሜራ ጋር አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው «ኢንዱራንስ» የኃይሌ ገብረሥላሴን ሕይወት ራሱን ኃይሌን ይዞ ተረከ። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ጄሪ ሮትዌል በቆጂ ላይ የሠራው «ታውን ኦፍ ራነርስ» ወጣት ሯጮችን ለዓመታት ተከታተለ። ሁለተኛው በተለይ ጥንቃቄ ያለው ሥራ ነው። ታሪኩን የሚነግረን ራሱ ሯጭ ያልሆነ፣ ትንሽ ሱቅ የሚጠብቅ ልጅ ነው። ብልህ ምርጫ ነው። ግን አስተውሉ፦ ድምፁ የልጁ ነው፣ መቀሱ ግን የዳይሬክተሩ። ልጁ ከተናገረው ውስጥ ምን እንደቀረ፣ ለምን እንደቀረ አናውቅም። በሁለቱም ፊልሞች የምናየው አርሲ በሩጫ መስኮት የሚታይ አርሲ ነው። ይህ የፊልም ሠሪዎቹ ኃጢአት አይደለም፤ ሁሉም ቆራጭ ከቆመበት ነው የሚቆርጠው። ጉዳዩ ከዚያ ወዲህ ያለው ነው፤ ሲሬ የቆመ ሰውም ይቁረጥ።

ሲቻል ምን እንደሚመስል ደግሞ አይተናል። «ፀሐይ መማር ትወዳለች» እ.ኤ.አ. በ2006 በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን መታየት ስትጀምር ከጀርባዋ የነበረችው ብሩክታዊት ጥጋቡ የተባለች መምህርት ናት፤ ከባለቤቷ ከሼን ኤትዘንሃውዘር ጋር። ፀሐይ በካልሲ የተሠራች ቀጭኔ ናት፤ አማርኛ ትናገራለች፣ የምትኖረውም የኛን ቤት በሚመስል ቤት ነው። ከፕላዝማው ጋር ጎን ለጎን ስታስቀምጧት ልዩነቱ በጀት አይደለም፤ በጀቱማ የፕላዝማው ነው የሚበልጠው። ልዩነቱ የሚቆርጠው ሰው ልጆቹን ማወቁ ነው።

ካሜራውን የከፈቱት ልጆች

እ.ኤ.አ. በ2012 ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ አንድ ወሬ ለዓለም አወራ። የእሱ ድርጅት፣ «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ»፣ ትምህርት ቤት ለሌላቸው ሁለት የኢትዮጵያ መንደሮች ልጆች ታብሌት ሰጠ። አንዱ መንደር ወንጪ አካባቢ ነው፤ ሌላው ከአርሲ ብዙም በማይርቀው ወለንጪቲ አካባቢ። መምህር የለም፣ መመሪያ የለም፤ ካርቶኑ እንደታሸገ ነው የተሰጣቸው። ኔግሮፖንቴ እንዳለው ልጆቹ በቀናት ውስጥ አፖቹን ከፋፍተው ይጠቀሙ ጀመር፣ በሁለት ሳምንት የእንግሊዝኛ ፊደል ዘፈን ዘፈኑ፣ በአምስት ወር ደግሞ የታብሌቱን ሲስተም ሰበሩት። ለምን? ካሜራው ተዘግቶ ስለነበር። እነሱ ከፈቱት።

ይህ ወሬ ያኔ «የአፍሪካ ልጆች ያለ መምህር ይማራሉ» ተብሎ ተዘዋወረ። እኔ ከዚያ ድምዳሜ ጋር አልስማማም። እንዲህ ያለ ሙከራ መምህርን አያስቀርም። ወሬው ውስጥ ለኔ ዋናው ሌላው ነገር ነው፤ ትልልቆቹ «ለልጆቹ ይበቃል» ብለው ያሰቡት መመልከቻ ነበር፣ ልጆቹ የፈለጉት ግን መቅረጫ። ፊደል የሚያስተምረውን አፕ ተጠቀሙበት፣ ዘፈኑንም ዘፈኑ፤ የተቆለፈውን ለመስበር የተነሱት ግን ለካሜራው ሲሉ ነው።

መጀመሪያ ጆሮ

ኃይሌ ልጅ ሳለ፣ በ1972 ዓ.ም. የሞስኮ ኦሎምፒክ ምሩጽ ይፍጠር ሲያሸንፍ በሬዲዮ መስማቱን ደጋግሞ ተርኳል። አስቡት፤ ምስል የለም። ትራኩን አላየም፣ ሞስኮን አላየም። የደረሰው ድምፅ ብቻ ነው፤ የቀረውን የአርሲ ልጅ በጭንቅላቱ ሞላው።

ለዚህ ነው ክፍል ውስጥ የምጀምረው በቪዲዮ ሳይሆን በድምፅ ቢሆን የምለው። ድምፅ ርካሽ ነው። ማንኛውም ስልክ መቅረጫ አለው፣ ፋይሉ ትንሽ ነው፣ በብሉቱዝ ይተላለፋል። ኮምፒውተር ክፍል ካለ አውዳሲቲን አንድ ጊዜ በፍላሽ አምጥቶ መጫን ይቻላል፤ ነፃ ነው፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ደግሞም አርሲ ውስጥ ዋናው ቤተ መጻሕፍት ሰው ነው። ሽማግሌ አለ፣ ስለ ሲንቄ ሥርዓት የምታስረዳ እናት አለች፣ ከመንገዱ በፊት ገበያ እንዴት ይኬድ እንደነበር የሚያስታውስ ነጋዴ አለ። ልጁ በአፋን ኦሮሞ ይጠይቃል፣ ይቀዳል፣ ከዚያ ለአማርኛ ክፍል በአማርኛ፣ ለእንግሊዝኛ ክፍል በእንግሊዝኛ መግቢያና ማጠቃለያ ይጽፍለታል። ሦስቱ ቋንቋዎች እርስ በርስ ከመጋፋት አንድ ሥራ ላይ ይገናኛሉ።

እዚህ ላይ መቀሱ ይመጣል። አንድ ምሳሌ ልፍጠር። ተማሪዋ አንድ አርሶ አደር «ዘንድሮ እንዴት ነበር?» ብላ ትጠይቃለች። መልሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ነው እንበል፦ «ዝናቡ ደህና ነበር። ስንዴውም ጥሩ ወጣ። ማዳበሪያው ግን ዘግይቶ ነው የደረሰን፤ የታችኛው ማሳ ተጎዳ። ያም ሆኖ አልሐምዱሊላህ።»

አንዱ ቡድን መሐሉን ቆርጦ ያወጣል፦ «ዝናቡ ደህና ነበር። ስንዴውም ጥሩ ወጣ። አልሐምዱሊላህ።» ሌላው ቡድን ዳርና ዳሩን ይጥላል፦ «ማዳበሪያው ዘግይቶ ነው የደረሰን፤ የታችኛው ማሳ ተጎዳ።» ሁለቱም የሰውየው ድምፅ ነው። አንድም ቃል አልተጨመረም። ፌክ የሚባል ነገር የለበትም። ሁለቱ ግን ሁለት የተለያዩ ዓመታት ናቸው፤ ሰውየው የኖረውን ዓመት የሚናገር ከሁለቱ አንዱም የለም።

ይህን በእጁ የሠራ ልጅ ነገ ቲክቶክ ላይ 15 ሰከንድ የባለሥልጣን ወይም የአክቲቪስት ንግግር ሲያይ «ከዚህ በፊት ምን ብሎ ነበር?» ብሎ ይጠይቃል። መምህሩ «የምታዩትን ሁሉ አትመኑ» ብሎ መቶ ጊዜ ቢመክር ይህን አያመጣም። መቁረጥን የሚያውቅ ሰው የተቆረጠን ይለያል፤ ልብስ ሰፊ ስፌት እንደሚለየው።

ፎቶም ያው ነው። ከሁሉም መሣሪያ ጠቃሚው ፊልተሩ ሳይሆን «ክሮፕ» የምትባለዋ ናት። የገበያ ቀን ፎቶ ውሰዱ፤ በአንድ በኩል ሲቆረጥ ባዶ መደብ፣ በሌላ በኩል ሲቆረጥ ግርግር ይሆናል። በሰሜኑ ጦርነት ዓመታት የሌላ አገርና የሌላ ዘመን ፎቶ «ትናንት እዚህ የተነሳ» ተብሎ ስንት ጊዜ እንደተዘዋወረ የምናስታውስ ነን። ያን ያጋራው ሁሉ ክፉ ሰው አልነበረም። ብዙው ፎቶ ጠርዝ እንዳለው፣ ከጠርዙ ውጭም ነገር እንዳለ ማንም ያላሳየው ሰው ነው።

ቴምፕሌት፣ ሁለተኛው ፕላዝማ

አሁን መሣሪያዎቹን ልውቀስ። ካፕካት የቲክቶክ ባለቤት የሆነው የባይትዳንስ ምርት ነው፤ ልቡም ቴምፕሌቱ ላይ ነው። ፎቶህን ታስገባለህ፣ ሙዚቃው የተመረጠ ነው፣ ምስሉ መቼ እንደሚቀየር የተወሰነ ነው፣ ውጤቱ በአንድ ደቂቃ ይወጣል። ያምራል። ግን ልብ በሉ፦ ጊዜውን የወሰነው ሌላ ሰው ነው። አንተ የሞላኸው ክፍት ቦታውን ነው። ይህ በትክክል ፕላዝማው የሚሠራው ሥራ ነው፤ ያኔ «አሁን መልሱ» ይል ነበር፣ አሁን «ፎቶ እዚህ አስገባ» ይላል። ለዚህ ነው ለክፍል ፕሮጀክት የሚሠሩ ቪዲዮዎች ሁሉ አንድ የሚመስሉት። ስለ አፈር መሸርሸርም ይሁን ስለ ዓድዋ፣ ያው ሙዚቃ፣ ያው ብልጭታ።

ፊደላችንም ይቸገራል። ያማሩት የፊደል ቅርጾች በአብዛኛው ለላቲን የተሠሩ ናቸው፤ አማርኛ ስትጽፍባቸው ወይ ባዶ ሳጥን ይሆናል ወይ መልኩ ይቀየራል። ስለዚህ ልጁ ቪዲዮው እንዲያምርለት ብቻ ርዕሱን በእንግሊዝኛ ይጽፋል። ማንም አላስገደደውም፤ ግን መሣሪያው ገፋው። ትናንት ነፃ የነበረው ቁልፍ ዛሬ «ፕሮ» ተብሎ ክፍያ ሲጠየቅበትም የምናውቀው ነው።

ከዚያ ደግሞ ኑሮው አለ። ዳታ ውድ ነው፣ መብራት ይሄዳል፣ ብዙ ትምህርት ቤት ስልክ ይከለክላል፣ መምህሩ ፊት ያለው ተማሪ ብዙ ነው። «ስልክ ያዘናጋል» የሚለውን ክርክር አልንቀውም፤ እውነት አለው። የማይዋጥልኝ ስልኩን በሩ ላይ ሰብስቦ ጉዳዩን ዘጋሁ ማለት ነው። ልጁ ከበሩ ሲወጣ ስልኩ ይመለስለታል፤ ከስልኩ ጋር የሚያደርገውን ግን ማንም አላስተማረውም። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ትምህርቱ በቴሌቪዥን፣ በሬዲዮና በቴሌግራም ለመቀጠል ሞከረ። ያኔም ስክሪኑ መላኪያ ብቻ ነበር፤ ከተማሪው ወደ መምህሩ የሚመጣው ብዙ ጊዜ የደብተር ፎቶ ነው።

ታዲያ ለሲሬው ክፍል ምን ይበጃል? ለአንድ ቡድን አንድ ስልክ ይበቃል፤ ስልኩ የመምህሩም ሊሆን ይችላል። አራት ደቂቃ ቀድታችሁ አንድ ደቂቃ ተኩል አድርጉ። ቴምፕሌት የለም፣ ሙዚቃ የለም። ኢንተርኔት ላይ መጫን ግዴታ አይደለም፤ እንዲያውም የአያት ድምፅ ያለ ፈቃዷ አይወጣም። ክፍሉ ራሱ አድማጭ ነው። ከቅጂው ጋር አንድ ገጽ ወረቀት ይገባል፦ ምን ቆረጣችሁ? ለምን? የተናገሩት ሰው ቢሰሙት «አዎ፣ ይህንን ነው ያልኩት» ይላሉ? ማርክ የምሰጠው እኔ ብሆን ከ10 ሦስቱን ለቅጂው፣ ሰባቱን ለወረቀቱ እሰጥ ነበር። ብልጭታ ለመጨመር አፕ ይበቃል፤ ለቆረጡት ነገር መልስ መስጠት ግን ሰው ይጠይቃል፣ ሰውም መምህር ይፈልጋል።

እናንተም ከክፍል ብትወጡም አልረፈደም። ስልካችሁ ላይ በቅርብ ቆርጣችሁ የለጠፋችሁትን ቪዲዮ ክፈቱ። ከዚያ ያልተቆረጠውን፣ ዋናውን ፈልጋችሁ እስከ መጨረሻው እዩት። የጣላችሁት ውስጥ ማን ነበር? ምን እያለ ነበር?