«ለኸይር ነው» የሚባለው ለማን ነው?

በገርጂም ሆነ በቦሌ ቡልቡላ ለቅሶ ቤት የገባ ሰው ደጋግሞ የሚሰማው «ለኸይር ነው» የሚለውን ቃል ነው። የሚመነጨው ከእውነተኛ እምነት ነው። ይሁንና ልጁን ቀብሮ ገና ለተመለሰ አባት ሲነገር ማጽናኛ ነው ወይስ አፍ ማስያዣ? ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞት አልቅሰዋል።

ይህን ጥያቄ ሁለት አውሮፓውያን ደራስያን በ1759 አንስተውታል (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ በፊት ጀርመናዊው ፈላስፋ ላይብኒትዝ በ1710 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ፈጣሪ ሊኖሩ ከሚችሉት ዓለማት ሁሉ የተሻለውን ፈጥሯል ብሎ ነበር። በኖቬምበር 1 ቀን 1755 ሊዝበን በመሬት መንቀጥቀጥ ፈርሳ በአሥር ሺህዎች የሚቆጠር ሕዝብ አለቀ። ፈረንሳዊው ቮልቴርም «ካንዲድ» በተባለው ልብ ወለድ በዚህ ፍልስፍና ተሳለቀ።

ቮልቴር በ1741 ነቢያችንን የሚዘልፍ ተውኔት ለመድረክ ያበቃ ሰው መሆኑን አንረሳም። «ካንዲድ»ም ነውር ስላለበት ለልጆች የሚሰጥ አይደለም። ስላቁ ግን ቦታውን ያገኘበት አለ። በሊዝበን ወደብ አንድ ደግ ሰው ባሕር ውስጥ ሲወድቅ ካንዲድ ዘሎ ሊያድነው ይነሣል። መምህሩ ፓንግሎስ ግን፣ ይህ ወደብ የተፈጠረው ይኸው ሰው እንዲሰጥምበት ነው እያለ በማስረጃ ያስቆመዋል። ሰውየው ሰጠመ።

በ1111 ያረፉት ኢማም አል-ገዛሊም «ኢሕያእ» በተሰኘው ኪታባቸው ስለ ተወኩል ሲያስተምሩ፣ ካለው ፍጥረት ይበልጥ ያማረ ሊኖር እንደማይችል ጽፈዋል። ዑለማዎች በዚህ ቃል ለዘመናት ተከራክረዋል። ላይ ላዩን ሲታይ የፓንግሎስን ይመስላል። ልዩነቱ ግን ማን ለማን መናገሩ ላይ ነው። ኢማሙ የሚያስተምሩት ሰው በራሱ ላይ የደረሰውን እንዴት እንደሚቀበል ነው፤ ፓንግሎስ የሚፈላሰፈው በሌላው ሞት ላይ ቆሞ ነው። የሚሰጥመውን እንዳናወጣ እጃችንን የሚይዝ ተወኩል በየትኛው ኪታብ ይገኛል?

በመጽሐፉ መጨረሻ ቮልቴር አንድ ቱርካዊ ደርዊሽ ያመጣል። በምድር ላይ ክፋት ለምን በዛ ተብሎ ሲጠየቅ፣ ሱልጣኑ መርከብ ወደ ምስር ሲልክ ስለ አይጦቹ ምቾት ይጨነቃልን? ብሎ ይመልስና በሩን ይዘጋል። እዚህ ላይ ደራሲው ስቷል። በሱረቱ ሁድ እንደተነገረን በምድር ላይ የሚንቀሳቀስ ፍጡር ሁሉ ሲሳዩ በአላህ ላይ ነው፤ አይጧም አልተረሳችም።

እኔ የማስበልጠው በዚያው ዓመት የወጣውን የእንግሊዛዊውን የሳሙኤል ጆንሰንን «ራሴላስ» ነው። ባለታሪኩ የሐበሻ ልዑል ሲሆን፣ ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሰውታል። ጆንሰን አገራችንን አይቶ አያውቅም። መጽሐፉን የጻፈው በዚያው ዓመት የሞተችውን እናቱን የቀብር ወጪ ለመሸፈን ነው፤ ስላቁ ከቮልቴር የለሰለሰው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ልዑሉ በካይሮ አንድ ፈላስፋ ስሜትን ስለመግዛት ሲያስተምር ሰምቶ ይደነቃል። ሌላ ቀን ሊጠይቀው ሲሄድ ፊቱ ገርጥቶ፣ ዓይኑ እንባ አዝሎ፣ በጨላለመ ክፍል ውስጥ ያገኘዋል። አንድያ ሴት ልጁ በሌሊት በትኩሳት ሞታበታለች። ልዑሉ የገዛ ትምህርቱን ቢያስታውሰው፣ ያ ሁሉ እውነት ልጄ እንደማትመለስ ከመንገር በቀር ምን ይረባኛል አለው። ልዑሉ አልገሠጸውም። ዝም ብሎ ወጣ።