«ኮንቴጂየን» እና ያልነበረው 1ኛ ቀን

እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣውን የስቲቨን ሶደርበርግን «ኮንቴጂየን» አይታችሁታል? ካላያችሁት ይቅርታ፣ መጨረሻውን ልናገር ነው።

ፊልሙ ከ2ኛው ቀን ይጀምርና 1ኛውን ቀን መጨረሻ ላይ ያሳየናል። ቡልዶዘር ደን ይመነጥራል። መጠለያዋን ያጣች የሌሊት ወፍ ሙዝ ይዛ ትበራለች፤ ቁራሹ አሳማ ማርቢያ ውስጥ ይወድቃል፤ አሳማ ይበላዋል። አሳማውን ሲያሰናዳ የነበረው ምግብ አብሳይ እጁን ሽርጡ ላይ ጠረግ አድርጎ እንግዳ ይጨብጣል። በቃ፣ ወረርሽኝ ተጀመረ።

የምህንድስና ተማሪ ነኝና ይህን ትዕይንት እወደዋለሁ። የምክንያትና ውጤቱን ሰንሰለት ቁልጭ አድርጎ ያሳያል፤ ጣቱንም መጀመሪያ የሚቀስረው ወፏ ላይ ሳይሆን ቡልዶዘሩ ላይ ነው። ግን አንድ ነገር ያሳስታል፦ ሁሉም በአንድ ቀን፣ በአንድ ቁራሽ ሙዝ የሆነ ያስመስላል።

ለፊልሙ ቫይረስ መነሻ የሆነውን ኒፓን እንይ። በ1998 እና 1999 ማሌዥያ ውስጥ ከ100 በላይ ሰዎች ገደለ፤ 1 ሚሊዮን ገደማ አሳማዎች እንዲወገዱ ተደረገ። ቫይረሱ ፍራፍሬ በል የሌሊት ወፎችን ሳያሳምም አብሯቸው ይኖራል። ወረርሽኙ የተነሳበት ትልቅ እርሻ ደግሞ ከአሳማዎቹ ጉረኖ አጠገብ ማንጎ ተክሎ ነበር። በኋላ የተሠራ ጥናት እንዳመለከተው ቫይረሱ እርሻው ውስጥ የገባው አንዴ ብቻ አይደለም። መጀመሪያ ሲገባ አሳማዎቹን ቶሎ አዳርሶ፣ የሚይዘው ሲያጣ ጠፋ። ተመልሶ ሲገባ ግን ግልገሎቹ ከእናቶቻቸው የወረሱት መከላከያ በየተራ እያለቀ ስለነበር፣ ሁሌም አዲስ የሚይዘው አሳማ አገኘ።

ታዲያ 1ኛው ቀን የቱ ነው? የመጀመሪያው ፍሬ የወደቀበት ወይስ ማንጎው የተተከለበት?

ጥያቄው ቀልድ አይደለም። ነገሩ የአንድ ቀን አደጋ ከሆነ፣ ልክ እንደ ፊልሙ ክትባት ከመጠበቅ ሌላ የምንሠራው የለም። ተደጋጋሚ ሙከራ ከሆነ ግን ሙከራውን መቀነስ እንችላለን፦ ዛፉን ከጉረኖው ማራቅ ይቻላል። ባንግላዴሽ ውስጥ ኒፓ ከቴምር ዛፍ በሚቀዳ ጣፋጭ ፈሳሽ በኩል ወደ ሰው ይተላለፋል፤ መቅጃውን በቀርከሃ ሽፋን መከለል ወፎቹን እንደሚያርቅ እዚያው ተሞክሮ ታይቷል። ርካሽ ነገር ነው፣ ግን ይሠራል።

ፊልሙን እዩት፣ ጥሩ ነው። «1ኛ ቀን» የሚለው ጽሑፍ ሲመጣ ግን «ከዚያ በፊትስ?» ብላችሁ ጠይቁ።