ዓሣ አትብሉ ማለት ብቻውን ይበቃልን? የሃርትዌል ሐይቅ ውሳኔ በጤና ሚዛን

በኢንዱስትሪ ኬሚካል የተበከሉ ሐይቆችን ለመታደግ ከተሰጡ ውሳኔዎች አንዱ፣ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ1994 በሃርትዌል ሐይቅ ላይ ያሳለፈው ነው። ውሳኔው በምህንድስና ሚዛን ሲታይ የሚያስመሰግን ጎን አለው፤ በጤና ሚዛን ሲታይ ግን ሸክሙን ብክለቱን ባላደረሰው ሰው ትከሻ ላይ የጣለ ነው።

ሃርትዌል በሳውዝ ካሮላይናና በጆርጂያ ግዛቶች ወሰን፣ በሳቫና ወንዝ ላይ በተሠራ ግድብ የተፈጠረ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ሲሆን፣ ስፋቱ 226 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በፒከንስ የነበረው የሳንጋሞ ዌስተን የኤሌክትሪክ ካፓሲተር ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1955 እስከ 1977 ድረስ ፖሊክሎሪኔትድ ባይፌኒል (ፒ.ሲ.ቢ.) የተባለውን ኬሚካል ይጠቀም ነበር። በእነዚህ ዓመታት ወደ 180 ቶን የሚገመት ፒ.ሲ.ቢ. ወደ ሐይቁ በሚገባው የትዌልቭማይል ጅረት ተፋሰስ ውስጥ ተለቅቋል። ከሐይቁ የሚገኘውን ዓሣ የሚመለከት የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው።

የዚህ ኬሚካል ባሕርይ የተለመደውን የውኃ ምርመራ ያታልላል። ፒ.ሲ.ቢ. በውኃ ውስጥ እምብዛም አይሟሟም፤ ከደለል ጋር ይጣበቃል፣ በስብ ውስጥ ይከማቻል፣ በምግብ ሰንሰለቱ ሽቅብ በወጣ ቁጥር መጠኑ እየበዛ ይሄዳል። ስለዚህ ውኃው ጥርት ብሎ ሲታይ በሐይቁ ያለው ትልቅ አዳኝ ዓሣ ግን መርዙን ተሸክሞ ሊገኝ ይችላል። ወደ ሰው ከገባ በኋላም ለዓመታት ይቆያል፤ የእንግዴ ልጅን አልፎ ጽንሱ ዘንድ ይደርሳል፣ በእናት ጡት ወተትም ይወጣል። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2013 በሰው ላይ ካንሰር ከሚያስከትሉ ነገሮች ተርታ መድቦታል።

የ1994ቱ ውሳኔ ደለሉን ቆፍሮ ከማውጣት ይልቅ፣ ከላይ የሚወርደው ንጹሕ ደለል የተበከለውን እንዲቀብረው መተውን፣ ዓሣውን በየዓመቱ መመርመርንና ሕዝቡን ማስጠንቀቅን መረጠ። ቁፋሮ የተቀበረውን መርዝ መልሶ ሊያናውጥ ስለሚችል ምርጫው መሠረተ ቢስ አልነበረም። በጅረቱ ላይ የነበሩ ሁለት አነስተኛ ግድቦች እ.ኤ.አ. በ2011 ፈርሰው መጠናቀቃቸውም ደለሉ ወደ ታች እንዲወርድ አግዟል። በእርግጥም በደለሉ የላይኛው ንጣፍ ያለው የፒ.ሲ.ቢ. መጠን ቀንሷል። በዓሣው ሥጋ ላይ ግን የተጠበቀውን ያህል ለውጥ አልታየም፤ ውሳኔው ከተሰጠ 30 ዓመት ሲሞላውም ማስጠንቀቂያው አልተነሣም። ደለሉ ተሻለው ማለት በላተኛው ዳነ ማለት እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ሁለተኛው ድክመት መለኪያው ነው። ዓሣው የተመዘነው በአንድ ኪሎ 2 ሚሊግራም በሚለው የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ገደብ ነው። ይህ ገደብ እ.ኤ.አ. በ1984 ከ5 ወደ 2 ዝቅ የተደረገው በገበያ ለሚሸጥ ዓሣ ታስቦ ነው። ከልዩ ልዩ ቦታ የመጣ ዓሣ አልፎ አልፎ የሚገዛ ሰውና ከአንድ ሐይቅ አጥምዶ ቤተሰቡን በየዕለቱ የሚመግብ ሰው ግን በአንድ ገደብ ሊለኩ አይገባም። ነፍሰ ጡሯ ደግሞ ከሁለቱም ትለያለች።

ሦስተኛው ድክመት ማስጠንቀቂያውን እንደ መፍትሔ መቁጠሩ ነው። በሐይቁ ዳር የተተከለ ሰሌዳ ማንበብ ለሚችል፣ ከዚያም በላይ ሌላ የሚበላው ላለው ሰው ይጠቅማል። ሌላ ምግብ የሌለው ሰው ሰሌዳውን አንብቦም ዓሣውን ይበላል።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያም ባዕድ አይደለም። አገሪቱ በቀላሉ የማይበሰብሱ ኬሚካሎችን የሚመለከተው የስቶክሆልም ስምምነት አባል ናት። ስምምነቱ ፒ.ሲ.ቢ. የያዙ እንደ ትራንስፎርመር ያሉ መሣሪያዎች እ.ኤ.አ. እስከ 2025 ከአገልግሎት እንዲወጡ፣ ቆሻሻቸውም እስከ 2028 በአግባቡ እንዲወገድ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ1960 በአዋሽ ላይ የተሠራው የቆቃ ግድብም የአቃቂን ወንዝ የፋብሪካ ፍሳሽና የሞጆን የቆዳ ፋብሪካዎች ክሮሚየም የሚቀበል፣ ዓሣም የሚጠመድበት ሐይቅ ነው። ክሮሚየም እንደ ፒ.ሲ.ቢ. በምግብ ሰንሰለት እየበዛ የሚሄድ ባይሆንም፣ ጥያቄው አንድ ነው፤ የሚመረመረው ውኃው ብቻ ነው ወይስ ደለሉ፣ ዓሣውና በላተኛውም ጭምር?

ስለዚህ በእንዲህ ዓይነት ሐይቅ አቅራቢያ የሚሠራ የጤና ባለሙያ ነፍሰ ጡሯን ከየት የተጠመደ ዓሣ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደምትበላ ሊጠይቃት ይገባል። ማፍላትም ሆነ ክሎሪን መጨመር ፒ.ሲ.ቢ.ን እንደማያጠፋ፣ የዓሣውን ቆዳና ስብ ማስወገድም መጠኑን ከመቀነስ በቀር ጨርሶ እንደማያስወግደው ማስረዳት ይኖርበታል። የጡት ወተት ጥቅም ከስጋቱ የሚያመዝን በመሆኑ ማጥባት እንድታቆም መምከር አይገባም። የሃርትዌል ውሳኔ የጎደለው ይህን መሰሉ ጥያቄ ነው፤ ሐይቁን ለካ፣ ሰሌዳ ተከለ፣ ከሐይቁ የሚበላውን ሰው ግን ለራሱ ተወው።