ደላላ የማይገባበት ማሳ

ከጣርማ በር ቁልቁል ወርዶ ሸዋ ሮቢት ለደረሰ ሰው አትክልት ማለት በአመዛኙ ቀይ ሽንኩርት ነው፤ በመስኖ ለምቶ፣ በኩንታል ተሞልቶ፣ በመኪና የሚጫን ሸቀጥ። ስለ ጓሮ አትክልት የሚያወራ ሰውም «ስንት ብር ያድናል?» መባሉ አይቀርም። እኔ ከብሩ የሚበልጥ ጥቅም አለው እላለሁ፤ ጓሮ ልፋትና ውጤት ፊት ለፊት የሚገናኙበት ቦታ ነው። የሽንኩርት ገበሬ ኮትኩቶና አርሞ መልካም ምርት ቢያገኝም፣ ሁሉም በአንድ ሰሞን ካወጣ ዋጋው ይወድቅበታል። የሙያውን ልክ ከኪሱ ማወቅ አይችልም። ጓሮ ውስጥ ግን በሰውና በጎመኑ መካከል ደላላ የለም።

ቆላ ላይ ይህ ይበልጥ ይታያል። ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው በሸዋ ሮቢት ሙቀት፣ ያለ ጥላ የተዛወረ ችግኝ በማግስቱ ይጠወልጋል። መላው ግን እዚያው ደጅ ላይ ነው፤ የማሽላ አገዳ ለዳስ፣ የጤፍ ጭድ ለጉዝጓዝ፣ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ለአፈሩ። በበጋ መደቡን ከመሬቱ ዝቅ ማድረግ ውሃውን ያቆያል፤ ክረምት ሲገባ ጥቁር አፈር ውሃ ስለሚያቁር መደቡ ከፍ ይላል። ጎመንም ታችኛው ቅጠሉ ብቻ እየተለቀመ አናቱ ካልተነካ ለወራት ይሰጣል። አልሚው ያደረገውን በጎም ሆነ ክፉ በቀናት ውስጥ ቅጠሉ ላይ ያነበዋል። እንዲህ ያለ ቶሎ የሚታረም ትምህርት በሌላ እርሻ አይገኝም።

«ከገበያ መግዛት ይረክሳል» የሚሉ ሰዎች ስለ ሽንኩርት ከሆነ እውነት አላቸው፤ በምርት ሰሞን ሽንኩርት በጓሮ ማልማት አያዋጣም። በሙቀት ተጉዞ የሚጠወልገው ቆስጣና ጎመን፣ ለአንድ ወጥ ጥቂት ብቻ የሚፈለገው ቃሪያና በሶብላ ግን ከደጅ ሲቀጠፉ ይሻላሉ፤ ምን እንደተረጨባቸውም ይታወቃል። ከበድ ያለው ተቃውሞ የውሃው ነው። ውሃ መቅዳቱ በአብዛኛው በሴቶች ትከሻ ላይ ስለሚወድቅ፣ ጓሮው ደስታ የሚሆነው ሸክሙን ቤተሰቡ ሲካፈለው ብቻ ነው። መደቡም የአትክልት እጣቢ ውሃ ከሚያጠጣው በላይ ባይሰፋ ይመረጣል። ወባ ባለበት አገር የተጠራቀመ ውሃ ክዳን ያስፈልገዋል፤ ይህን ቸል ያለ ጓሮ ጉዳቱ ያመዝናል።

የጓሮ ጥቅም ልኩን ካወቁለት የሚጸና ነው። የጾም ወራት ሲመጣ ገበታው አይሳሳም፤ ከዚያም በላይ አልሚው በገዛ ፍርዱ ይተማመናል። የገበያ ዋጋ ልፋቱን ባቀለለበት ዓመት እንኳ እጁ ያወቀውን አይወስድበትም። ስለዚህ ጀማሪ ትርፉን ከኩንታል ጋር አያወዳድር፤ በአንድ መደብ ጎመንና በጥቂት የቃሪያ እግር ይጀምር፣ ያን በደንብ ሲያውቅ ያስፋ።